ጫኚውን ፕሮግራም ማን ይጭነዋል?

ሊኑክስን መጠቀም የጀመሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ፕሮግራሞችን የሚጭንልን የጥቅል አስተዳዳሪው ወይም በተለምዶ ፓኬጅ ማኔጀር የምንለው ከሆነ፣ እርሱ ራሱ ሲበላሽ ማን ይጭነዋል? ነገሩ የዶሮና የእንቁላል ክርክር ቢመስልም መልስ አለው። ለምሳሌነት እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተውን ዴቢያንን እንወስዳለን። ኡቡንቱም በእርሱ ላይ የተገነባ በመሆኑ መሠረታዊ አሠራሩ አንድ ነው።

በዴቢያን ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። አፕት የተባለው ፕሮግራም አንድ ጥቅል የትኞቹን ሌሎች ጥቅሎች እንደሚፈልግ አስልቶ ከኢንተርኔት ያወርዳል። የወረደውን ፈትቶ ፋይሎቹን በየቦታቸው የሚያኖረው ግን ዲፒኬጂ ነው። ስለዚህ አፕት ቢጠፋ ጥቅሉን በሌላ ኮምፒዩተር አውርደንና በፍላሽ ዲስክ አምጥተን ለዲፒኬጂ እንሰጠዋለን። የጎደለ ተጓዳኝ ጥቅል ካለ ዲፒኬጂ በስሙ ይነግረናል። ጥቅሉ ከፕሮሰሰሩ ዓይነትና ከዴቢያኑ እትም ጋር መግጠሙን አስቀድሞ ማረጋገጥ ግን ግድ ነው።

ዲፒኬጂ ራሱ ቢጠፋስ? የዴቢያን ጥቅል ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የቅርጹን ቁጥር የያዘ አጭር ጽሑፍ፣ ስለ ጥቅሉ የሚናገር መረጃና ፋይሎቹ ራሳቸው። የታሰሩትም በምሥጢራዊ ዘዴ ሳይሆን ኤአር እና ታር በተባሉ ዕድሜ ጠገብ የዩኒክስ መሣሪያዎች ነው። በእነዚህ ጥቅሉን በእጅ ፈትተን ዲፒኬጂን ወደ ቦታው እንመልሳለን፤ ከዚያም የገዛ ራሱን ጥቅል በወጉ ደግሞ እንዲጭን እናዘዋለን።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን መዝገቡ ነው። ዲፒኬጂ የተጫነውን ሁሉ ከነእትሙ «ስቴተስ» በተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይመዘግባል። የፕሮግራሙ ቅጂ በየትም ይገኛል፤ የኮምፒዩተራችን መዝገብ ግን ያለው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። ይህ ፋይል ሲጠፋ ፕሮግራሞቹ እንደ ወትሮው ይሠራሉ፤ ዲፒኬጂ ግን ምንም ያልተጫነ ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ዲስኩን አጥፍቶ ሁሉን እንደ አዲስ የሚጭን አለ፤ የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል! ይህ በእጅጉ ያስቆጫል፤ ዴቢያን የመዝገቡን ቅጂ «ቫር» በተባለው ማኅደር ሥር፣ «ባካፕስ» በሚለው ውስጥ በየጊዜው ያስቀምጣልና። የቅርቡን ቅጂ ወደ ቦታው ከመለስን በኋላ የሚቀረን፣ ቅጂው ከተወሰደ ወዲህ የተጫኑትን ጥቂት ጥቅሎች ደግሞ መጫን ነው።