ቀይ ወይን ጠጅ፤ የትኛው ይቀመጣል? የትኛውስ ቶሎ ይጠጣል?

በብዙ የአዲስ አበባ ሳሎኖች፣ በቡፌው መስተዋት ውስጥ ቆሞ የሚታይ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ጠጅ አይጠፋም። ባለቤቱ ከውጭ ሲመለስ ያመጣው ወይም በስጦታ ያገኘው ነው። «በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል፣ ዋጋውም ይጨምራል» ተብሎ ዓመታት ሳይከፈት ይኖራል። ይህ ግምት ብዙ ገንዘብ ያስከስራል። በዓለም ከሚመረተው ቀይ ወይን ጠጅ አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ሲሆን፣ በዕድሜ የሚሻሻለው እጅግ ጥቂቱ ነው።

የሚቆየውን ለመለየት የቦርዶ ገበያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለ1855ቱ (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ ኤግዚቢሽን የአካባቢው ወይን ጠጆች በደረጃ ሲመደቡ፣ ዝርዝሩን ያወጡት የከተማው ደላሎች ነበሩ። ደላላን ለሚያሙ ይህ መልስ ይሆናል። ሚዛናቸው የገበያ ዋጋ ነበር፤ ቀዮቹንም በአምስት ደረጃ ከፈሏቸው። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ-ብሪዮን አንደኛ ወጡ፤ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ተጨመረ። ከዚያ በቀር ዝርዝሩ ብዙም አልተነካም።

በቦርዶ ወይን ጠጁ ገና በርሜል ውስጥ ሳለ፣ ፍሬው በተለቀመ በሚቀጥለው ሚያዝያና ግንቦት ገደማ ይሸጣል። ጠርሙሱ ለገዢው የሚደርሰው ቆይቶ ነው። የ1982ን ምርት እንዲህ የገዙ ብዙዎች አትርፈዋል። የ2009ና የ2010 ምርትም ግሩም ነበር፤ ሆኖም በውድ የገዙት ከ2011 አጋማሽ በኋላ ዋጋው ሲያሽቆለቁል ተጎድተዋል።

ዕድሜ የሚሰጠው ታኒን የሚባለው ነገር ነው። ጠንካራ ሻይ ስንጠጣ አፋችንን የሚያደርቀው ይኸው ነው። ከወይኑ ልጣጭ፣ ከፍሬው ዘርና ከበርሜሉ እንጨት ይገኛል፤ ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው የወይን ዝርያም በብዛት ይዞታል። በዓመታት ውስጥ ታኒኑ እየተያያዘ እንደ አተላ ይዘቅጣል፣ ጣዕሙ ይለዝባል፣ ቀለሙ ወደ ሸክላ ያደላል፣ የፍራፍሬው ሽታ በትምባሆና በቆዳ ሽታ ይተካል። ታኒንና ኮምጣጣነት የሌለው ወይን ጠጅ ግን ቢቆይ ይሞታል እንጂ አይበስልም።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ጨለማ፣ የማይነቃነቅና ከ12 እስከ 13 ዲግሪ የሆነ ቦታ ይፈልጋል። ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ ይጋደማል። ቡፌ ውስጥ የቆመው ቡሹ ደርቆ አየር ያስገባል፤ ያኔ የላፊት ስም አያድነውም።

በሆቴል እንግዳ ሲጋበዝ አስተናጋጁ ለጋባዡ ጥቂት የሚቀዳው «ወደዱት?» ለማለት አይደለም፤ ጉድለት እንዳለው እንዲያጣራ ነው። ብርጭቆውን አዘንብለው በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ቀለሙን ይዩ፣ አዙረው ያሽትቱ፣ ከዚያ ትንሽ ተጎንጭተው አፍዎ ውስጥ ያቆዩት። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታልና ያለ ይሉኝታ ይመልሱት።

«በክፍል ሙቀት ይቀርባል» የሚባለው ከቀዝቃዛዎቹ የአውሮፓ ቤቶች የመጣ ነው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ለአዳማና ለድሬዳዋ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ነውር የለውም። ያረጀውን ጠርሙስ ከአንድ ቀን በፊት አቁመው አተላው ይርጋ፤ ወደ ሌላ ዕቃ በቀስታ ሲገለብጡም አተላው አንገቱ ላይ ሲደርስ ያቁሙ። ወጣቱን ደግሞ ከመቅረቡ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀድመው ቢገለብጡት ይለሰልሳል።

ምግቡን በተመለከተ፣ የሥጋ ፕሮቲንና ስብ ታኒኑን ያለዝባል፤ ቦርዶዎች ከበግ ሥጋ ጋር የሚጠጡት ለዚህ ነው። እኛም ሚጥሚጣው ያልበዛበት የበግ ጥብስ አለን። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን ታኒኑና አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያብሳሉ፤ ውዱ ጠርሙስም በከንቱ ይሄዳል። ለዶሮ ወጥ ጣፋጭነቱ በርበሬውን የሚያበርደው ጠጅ ይሻላል።