ስለ ትንሽ ዶሮ አጠባበቅ

ልጆች ሆይ፥ ዶሮ ሁሉ ለወጥና ለእንቍላል ብቻ የሚረባ አይደለም። በዓለም ላይ ሰዎች መልኩን ለማየትና ጠባዩን ለመውደድ ብለው በግቢያቸው የሚያኖሩት ትንሽ የዶሮ ዘር አለ፤ ስሙም ባንታም ይባላል። ስሙ የተገኘው ባንተን ከምትባል ወደብ ነው። ይህች ወደብ በእስያ፥ የኢንዶኔዥያ ክፍል በሆነችው በጃቫ ደሴት ትገኛለች። በቀድሞ ዘመን ከአውሮፓ ወደዚያ ይመላለሱ የነበሩ መርከበኞች ትንንሾቹን ዶሮዎች በወደቧ ስም ጠሯቸው። ባንታም ሲመዘን ከታላቁ ዶሮ ሩብ ወይም ሲሶ ያህል ነው። ከእነርሱ አንዱን ዘር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጆን ሴብራይት የሚባል የእንግሊዝ ባላባት ብዙ ዓመት ደክሞ አራባው፤ በእርሱም ስም ሴብራይት ተባለ። የዚህ ዶሮ ላባ እያንዳንዱ ዙሪያውን በጥቍር ቀለም በብዕር የተሰመረ ይመስላል።

ይሁን እንጂ የሱሉልታ ልጅ ትንሽና የምታምር ዶሮ ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። የአገራችን ዶሮ ራስዋ ትንሽ ናት። ያደገች ሴት ዶሮ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል አትበልጥም፤ በዓመት የምትጥለውም እንቍላል ከ60 እምብዛም አያልፍም። ነጋዴ ይህን እንደ ነውር ይቈጥረዋል፤ ለነጋዴም እውነት ነው። መልኳን ግን ተመልከቱ። ነጭና ጥቍር የተቀላቀለባት ገብስማ አለች፤ እንደ ዝግራ ነቁጥ የበዛባት ዝግርማ አለች፤ በራስዋ ላይ የላባ ጉትዬ ያላት አለች፤ አንገቷ ላባ የሌለው መላጣም አለች፥ እርስዋም ለሚያውቃት ታምራለች። በኦሮምኛ ሉኩ ይሏታል። ከእኛ ጋር መኖርዋም የቈየ ነው፤ በትግራይ መዝበር በሚባል ስፍራ ሊቃውንት ቈፍረው ያገኙት የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ ነው።

ዶሮ ብቻዋን መኖር አትወድም፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት አኑሩ። ዶሮዎች እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚበላ፥ ማን ማንን እንደሚነቍር ሥርዓት አላቸው። ይህን ሥርዓት መርምሮ በ1922 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በመጽሔት ያወጣው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤቤ የሚባል የኖርዌይ ሰው ነው። እርሱም ዶሮዎችን መመልከት የጀመረው ገና በልጅነቱ ነበር።

የቀኑ ሥራ ቀላል ነው። ገብስ ወይም የስንዴ ጥራጊ፥ ቅጠላ ቅጠል፥ ንጹሕ ውኃ ትሻለች። ጥርስ ስለሌላት ምግቡን በሆዷ የምትፈጭበት ደቃቅ ጠጠርም ያስፈልጋታል። ደረቅ ዐፈር ባለበት ቦታ ስትንከባለል ብታዩ አትከልክሏት፤ ቅማሏን የምታራግፈው በዚህ ነው። ዶሮ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ወደ አፋችሁም አታቅርቧት፥ ሳትታመም እንኳ የሰውን ሆድ የሚያሳምም ሕዋስ ትይዛለችና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዶሮ በቀን ንቁ ናት። ጭልፊት በሰማይ ሲያንዣብብ ከሰው ቀድማ ታየዋለች፤ ጮኻም ጓደኞቿን ታስጠነቅቃለች። በጨለማ ግን የሚያየው ዓይን አልተሰጣትም። ስለዚህ ገና ሳይመሽ፥ ማንም ሳይነዳት፥ ራስዋ ወደ ቆጧ ትወጣለች። በሩን መዝጋት ግን አትችልም፤ ሸለምጥማጥም የሚጠብቀው ይህን ነው።

እስኪ አንዲት ልጅ እናስብ። ገብስማ ዶሮ አላት፤ ቀን ቀን አቅፋት ትዞራለች፥ ስምም አውጥታላታለች፥ ለጎረቤት ልጆችም እያሳየች ትመካባታለች። አንድ ማታ ዝናብ ይዘንባል። እናቷ፦ «የኔ ልጅ፥ የዶሮዋን በር ዘጋሽ?» ብላ ትጠይቃታለች። ልጅቱ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ትሞቃለች፤ «ኋላ እዘጋለሁ፥ እማዬ» ትላለች። ኋላም እንቅልፍ ይወስዳታል። ሌሊት ጩኸት ተሰምቶ አባቷ መብራት ይዞ ሲወጣ ሸለምጥማጡ ሄዷል። ጧት በግቢው ተበትኖ የሚገኘው ያው የምትመካበት ገብስማ ላባ ነው። ልጅቱ አምርራ ታለቅሳለች፤ ዶሮዋን አትወድም ነበር የሚላት ሰው ይበድላታል። ከእሳቱ እስከ ዶሮዋ በር የነበረው ግን ሃያ እርምጃ ነው።

የዶሮ ቤት ከመሬት ከፍ ይበል፤ ቀዳዳውም በጠንካራ ሽቦ ይደፈን፤ የሸለምጥማጥ ጭንቅላት ካለፈ ሰውነቱም ያልፋልና። ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ማዶ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይጥልባታል። ሰውነቷ ያነሰ ዶሮ ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች። ለቆጥ የሚሆነው እንጨት ሰፋ ያለ ይሁን፤ በላዩ ስትተኛ ጣቶቿን በላባዋ ትሸፍናለች። ብርድን ፈርታችሁ ግን ነፋስ ፈጽሞ እንዳይገባ አትድፈኑ፤ ከብርዱ ይልቅ እርጥበት ይጎዳታል። ነፋሱ ከላይ፥ ከራስዋ በላይ ይለፍ።

ፈንግል የሚባለውን በሽታ ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንገት ያጣምማል፥ ትንፋሽ ያስቸግራል፥ በጥቂት ቀንም የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ይጨርሳል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ የሚከላከለው ክትባት ግን አለ፥ እርሱም በአገራችን በቢሾፍቱ ይሠራል። ከገበያ የገዛችኋትን ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቈዩ፤ ጤነኛ መሆንዋ ከታወቀ በኋላ ከቀሩት ጋር ቀላቅሏት።

አንድ ነገር ቀርቷል፥ እርሱም የበዓል ነገር ነው። በፋሲካ ዋዜማ በቤታችን ዶሮ ይታረዳል፤ ይህ የእናታችሁ ጥፋት አይደለም፥ እንግዳ በባዶ ገበታ አይቀበሉምና። ለማኖር የወደዳችኋት ዶሮ ካለች ግን ቢላዋው ከተሳለ በኋላ ማልቀስ ለማንም አይጠቅምም። በዓሉ ሳይደርስ፥ ገና በጾሙ መካከል፥ ለእናትና ለአባታችሁ ንገሩ፤ በእርስዋ ፈንታ ሌላ የሚገዛበትን ገንዘብ ከእንቍላሏ ሽያጭ አጠራቅሙ። በእግሯም ላይ ቀይ ክር እሰሩላት፤ ለመርዳት የመጡ ዘመዶች በጨለማ ዶሮ ሲይዙ እንዳይሳሳቱ። ክሩንም በየወሩ እያያችሁ አላሉት፤ ዶሮዋ ስታድግ ይጠብቅና እግሯን ይቈርጣታል።