ጫትና ተማሪ

ሱስ ማለት ሰው በፈቃዱ የጀመረው ነገር ውሎ አድሮ በተራው ሰውየውን ሲገዛው ነው። ሱስ ያለበት ሰው ጧት «ዛሬስ ይቅርብኝ» ብሎ ይወስናል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን እግሩ ወደ ለመደው ስፍራ ይወስደዋል። በአገራችን ሱስ የሚያስይዙ ነገሮች ብዙዎች ናቸው፤ መጠጥ አለ፣ ትንባሆ አለ፣ ሺሻም አለ። እኔ በዚህ ጽሑፍ ስለ ጫት ለመግለጽ የመረጥሁበት ምክንያት ሌሎቹ በጨዋታ ስም ሲመጡ ጫት ግን በጥናት ስም ወደ ተማሪ ስለሚመጣ ነው።

ጫት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ከንጉሡ ጋር የተዋጋው የኢፋቱ ገዥ ሰብረ ዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መዛቱ ተጽፏል። ዛሬም በሐረርጌ፣ በሲዳማና በሌሎችም ስፍራዎች ብዙ ገበሬ ልጆቹን የሚያስተምረው ጫት ሸጦ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። ስለዚህ አሳቤ ገበሬውን ለመንቀፍ፣ ወይም በዱዓ ላይ የሚቀመጡትን ሽማግሎች ለመዝለፍ አይደለም። የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ጫት ተማሪን በትምህርቱ ይረዳዋልን? የሚል ነው።

በጫት ቅጠል ውስጥ የሚሠራው ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። ይህንንም የተባበሩት መንግሥታት የቤተ ሙከራ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1975 ከቅጠሉ ለይተው አወቁት። አሠራሩ አምፌታሚን የሚባለውን ብርቱ መድኃኒት ይመስላል። ቅጠሉ በተቀጠፈ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ካቲኖኑ እየተለወጠ ኀይሉ ይደክማል። ጫት በኮባ እየተጠቀለለ እርጥበቱ እንዳይጠፋ የሚደረገው፣ የጫት መኪናም ሌሊቱን ሲከንፍ የሚያድረው ስለዚህ ነው።

ካቲኖን ወደ አንጎል ሲደርስ ዶፓሚን የሚባለው የደስታና የትጋት ስሜት የሚቀሰቅሰው ንጥረ ነገር ያለ ልክ እንዲፈስ ያደርጋል። ያን ጊዜ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ረኀብና እንቅልፍ ይጠፋሉ፣ አሳብም እንደ ጐርፍ ይመጣል። ቃሚዎች «ምርቃና» የሚሉት ይህንን ነው። በምርቃና ላይ ያለ ተማሪ መጽሐፉ ሁሉ የገባው ይመስለዋል። ዳሩ ግን ድካሙ ተደበቀ እንጂ አልጠፋም፤ ረኀቡም ተረሳ እንጂ ሰውነቱ ምግብ አላገኘም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እንዴት እንደ ሰንሰለት እንደሚያያዝ እንመልከት። ከቀትር በኋላ የቃመ ተማሪ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ይለዋል። ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብለው መጠጥ እንዲጠጣ ጓደኞቹ ይመክሩታል፤ በመካከሉም ሲጋራ ይለኮሳል። እነሆ፣ በጥናት ስም የተጀመረው ነገር በአንድ ሌሊት ሦስት ሱሶችን አስተዋወቀው። በማግስቱ ራሱን እየከበደው፣ እያዛጋ ክፍል ይገባል። ያንን ድብርት ለማስለቀቅ ደግሞ በጧት የሚቃም «ኢጃበና» የሚባል አለ። በዚህ ጊዜ የሚቅመው ለማጥናት ሳይሆን እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ለመሆን ብቻ ነው።

«ጫት ሱስ አያስይዝም፤ ሲፈልጉ ይተዉታል» የሚሉ አሉ። ታዲያ ሐራራ የሚባለው ምንድን ነው? ቃሚው ባልቃመበት ሌሊት እያስጮኸ የሚቀሰቅሰው «ዱካክ» የሚሉት ክፉ ቅዠትስ ከወዴት መጣ? ስሙ ራሱ በቃሚዎች አንደበት መኖሩ ምስክር ነው።

ለጥናትም ቢሆን ስሌቱ የተሳሳተ ነው። ቀን ያጠናነው ነገር በአእምሯችን ተደላድሎ የሚቀመጠው ስንተኛ ነው። እንቅልፉን ሸጦ ገጽ የገዛ ተማሪ ያነበበውን የሚያኖርበት ጎተራ አጣ ማለት ነው። ከዚህም በላይ አሳብን የሚመዝነውና «ተው» የሚለው የአንጎል ክፍል በስሎ የሚያበቃው እስከ 25 ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚህ በእኛ ዕድሜ የገባ ሱስ ሥሩ ይጠልቃል።

የፈተና ፍርሃት ግን እውነተኛ ፍርሃት መሆኑን አልክድም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ በየቤቱ ጭንቀት ገብቷል። የተጨነቀ ሰው ደግሞ አቋራጭ መንገድ ይፈልጋል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሱስን ከመጣል ይልቅ አለመጀመር እጅግ ይቀላል።

ተማሪ ሆይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጋበዝ ረጅም ምክንያት አትደርድር፤ ምክንያት ካቀረብህ ይከራከሩሃል። «እኔ አልቅምም» በቃ። የበርጫው ሰዓት ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ ያንን ሰዓት ባዶ አትተወው፤ በኳስ ሜዳ፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በክበብ ሙላው። ጥናትህንም ከመስከረም ጀምረህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ብታጠና በሰኔ የሌሊት ቅጠል አያስፈልግህም። ለእኅቶቼም ምክሬ ይኸው ነው፤ ሱስ ወንድና ሴት አይለይም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ምግብ ሲጠላ፣ ሌሊቱን ሲነቃ፣ የተሰጠው ገንዘብ ሳይታወቅ ሲያልቅ አትዩት እንዳላየ። ነገር ግን ከመቆጣት በፊት ጠይቁት፤ ከቤት የተባረረ ልጅ የሚሄደው ወደዚያው ወደ ጫት ቤቱ ነው። መምህራኖቻችንም በክፍል የሚያንቀላፋውን ተማሪ ከማስወጣት በፊት ሌሊቱን ምን እንዳነቃው ቢጠይቁልን መልካም ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትንባሆና አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ በሱቅ በር ላይ ቢቆም በጓደኞች መካከል ገብቶ አይቀመጥም። እዚያ የሚቀመጠው የእያንዳንዳችን ውሳኔ ነው።

በመጨረሻም አስቀድሞ የተያዘ ጓደኛ ቢኖረን አንሽሸው፣ አናፊዝበትም። ሱስ ሕክምና ያለው ሕመም ነው፤ በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል በሱስ የተያዙ ሰዎች ይታከማሉ። ወደ ሐኪም አብሮ መሄድ፣ በበርጫውም ሰዓት ብቻውን እንዳይሆን አብሮት ማጥናት ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል። ትምህርት የምንማረው ለራሳችን እንድንበቃ ነውና፣ ለነገ ኑሯችን የሚያስፈልገንን አእምሮ ለአንድ እስር ቅጠል አንለውጠው።