ለጀማሪ የሚስማማ የማኅተም ፍለጋ እንዴት እንመርጣለን?

በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ስለ አንድ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስለ ሆነ ግን ተራ ነገር ነው ብለን አንለፈው። ሕፃናትን በየዛፉና በየድንጋዩ የሚያስዞር ጨዋታ በገለጉ ፀሐይ የሚደረግ ከሆነ አስቀድመን ልናስብበት ይገባል። ልጆቹን ከእናቶቻቸው ተቀብለን የምንወጣው እኛ ወጣቶቹ ነንና ተጠያቂዎቹም እኛው ነን።

ጨዋታው ምንድን ነው?

በውጭ አገር ሌተርቦክሲንግ ይሉታል፤ የደብዳቤ ሣጥን ፍለጋ እንደ ማለት ነው። አንድ ሰው ክዳኑ የሚገጥም ትንሽ ዕቃ ወስዶ በውስጡ አንድ ማኅተምና አንድ ደብተር ያኖርና በአንድ ስፍራ ይሰውረዋል። ከዚያም ወደ ስፍራው የሚመራ ፍንጭ ይጽፋል። ፈላጊው የራሱን ማኅተምና የራሱን ደብተር ይዞ ይወጣል። ዕቃውን ሲያገኝ የዕቃውን ማኅተም በራሱ ደብተር፣ የራሱን ማኅተም በዕቃው ደብተር ላይ ያትማል፤ ዕቃውንም እንደ ነበረ መልሶ ያኖረዋል። የሚወሰድ ነገር የለም። ትርፉ መንገዱና በደብተር ላይ የቀረው ምልክት ነው። ስለዚህ እኛ «የማኅተም ፍለጋ» ብንለው ይስማማዋል። ማኅተሙን ከላጲስ ወይም ከድንች ቀርጾ መሥራት ስለሚቻል ወጪውም ብዙ አይደለም።

የጨዋታው መነሻ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የሚገኘው ዳርትሙር የተባለ ረግረጋማ ምድረ በዳ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ ክራንሚር ፑል በሚባል ሩቅ ስፍራ ጠርሙስ አኖረ። እዚያ ለመድረስ የቻሉ እንግዶች የስም ካርዳቸውን በጠርሙሱ ውስጥ ይተው ነበር። ማኅተም የተጨመረው ከጊዜ በኋላ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለዚህ ነገር ከጻፈ ወዲህ ጨዋታው በአሜሪካ ተስፋፋ፤ ከትናንሽ ልጆች ጋር በከተማ መናፈሻ የሚደረግም ሆነ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው ፍለጋ ለብርቱ እግረኛ ብቻ የሚሆን ነበር፤ የዛሬው ግን የአምስት ዓመት ልጅም ይችለዋል። ጨዋታው አንድ ሲሆን ክብደቱን የሚወስነው ስፍራውንና ፍንጩን የመረጠው ሰው ነው። እንግዲህ መራጮቹ እኛ ከሆንን መመዘኛችን ምን ይሁን? መልሳችን አጭር ነው፤ የጀማሪ ፍለጋ የሚመዘነው በመሄዱ ሳይሆን በመመለሱ ነው። ልጁ ሳይጠማ፣ ሳይፈራና ሳያፍር ወደ ቤቱ ከተመለሰ ፍለጋው ለጀማሪ ተስማምቷል። ይህንን በአራት ነጥቦች እንመልከት።

ሀ. ስፍራው

ስለ ዱርና ስለ ዛፍ ስናወራ ሁላችንም አልጣሽን እናስባለን። አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በሱዳን በኩል ካለው የዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን ታላቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በዚያ አንበሶች መኖራቸውን በፎቶግራፍና በዱካ አረጋግጠው ለዓለም አስታውቀዋል። አንበሳ ያለበት ዱር ጠባቂ ይዘው፣ ፈቃድ ጠይቀው የሚገቡበት እንጂ ሕፃናት ሣጥን የሚፈልጉበት አይደለም። ስለ አልጣሽ እናስተምራቸው፤ ፍለጋውን ግን በቅርብ እናድርገው።

ለጀማሪ የሚሻለው አጥር ያለው፣ ጥላ ያለው፣ ውኃ የሚገኝበትና ጠባቂ ያለበት ስፍራ ነው። እንዲህ ያለ ስፍራ ደግሞ አላጣንም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የችግኝ ጣቢያ ሁሉ ለዚህ ይሆናሉ። መሪው መሐል ላይ ቆሞ ሁሉንም ልጆች የሚያይበት ግቢ ከሆነ በቂ ነው።

ለ. ጊዜው

በቆላችን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚደርስበት ቀን አለ። በክረምት ዋልካው እግር ይይዛል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወራት የተሻለ ነው። ሰዓቱም ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቢሆን መልካም ነው። አንድ ፍለጋ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ፍለጋ መኖር የለበትም። በመተማና በሑመራ ቆላ የታወቀውን ካላ አዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና። የወባ ትንኝም እንዲሁ በሌሊት ትነድፋለች።

ሐ. ፍንጩ

ፍንጭ ማለት እንቆቅልሽ ነው። በእኛ ባህል «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ መልሱ ሲጠፋ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፤ አገር ከተሰጠው በኋላም መልሱን ይናገራል። ተጠያቂው አገሩን ቢሰጥም መልሱን ሳያውቅ አይቀርም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያደረጉት ያላወቀው ልጅ ባዶ እጁን እንዳይሄድ ነው። እኛም ከእያንዳንዱ ፍንጭ ጋር መልሱን በታሸገ ወረቀት ጽፈን መሪው ዘንድ እናስቀምጥ። ጊዜው ካለቀ ልጁ «አገር» ይስጥና ወረቀቱን ከፍቶ ይሂድ፤ ማኅተሙንም ያትም። የመጀመሪያው ቀን ያፈረ ልጅ ሁለተኛ አይመጣም።

ሁለት ፍንጮችን እናወዳድር። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ሣሩ ከረዘመበት፣ ውኃው ከሚፈስበት ማዶ፣ ላሞች ከተኙበት በስተ ግራ።» ይህ ለጆሮ ያምራል፤ ሣሩ ግን በበጋ ይቃጠላል፣ ውኃው ይደርቃል፣ ላሞቹም ይነሣሉ። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «በደጀ ሰላሙ ግባ። ወደ ቤተልሔሙ ሂድ። በአጠገቡ ጥላው ሰፊ የሆነ ኒም አለ። ከኒሙ ሥር ወደ አጥሩ ሃያ እርምጃ ቁጠር። ነጭ ከተቀባው ድንጋይ ኋላ ተመልከት።» ይህኛው በክረምትም በበጋም ያው ነው። ልጁ ቤተልሔሙ ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ መሆኑን ካወቀ አቅጣጫንም አብሮ ይማራል። እርምጃውን ግን በሕፃን እግር እንቁጠር፤ የእኛ ሃያ እርምጃ ለእርሱ ሠላሳ ሊሆን ይችላልና።

ለመጀመሪያ ቀን ከሦስት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው ፍንጭ ይበቃል። ልጆቹ ሲለምዱ ቅኔውን ቀስ በቀስ እንጨምራለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

መ. ዕቃው

በአገራችን ምስጥ ወረቀትን አይምርም። ስለዚህ ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ መሬት ላይም አይቀመጥ፤ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ከዛፍ ቀዳዳና ከኩይሳ ውስጥ ፈጽሞ አንሰውረው፤ እባብና ጊንጥ በዚያ ይውላሉና። ልጆቹም እጃቸውን ወደማያዩት ጉድጓድ እንዳይሰዱና አስቀድመው በበትር እንዲነኩ እናስተምራቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ክልላችን ባለፉት ዓመታት ግጭት ያየ ክልል ነው፤ ግጭት ባለፈበት ምድር ደግሞ ያልፈነዳ ነገር ወድቆ ሊገኝ ይችላል። ወላጆች ልጆቻቸውን «የወደቀ ዕቃ አትንኩ» እያሉ ሲያሳድጉ እኛ «የተሰወረ ሣጥን ፈልጋችሁ ክፈቱ» ብለን ብናስተምር ያስተማሩትን እናፈርሳለን። ታዲያ ጨዋታውን እንተወው? ላንተወው እንችላለን፤ ሥርዓት ግን እናብጅለት።

1. ዕቃዎቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይኑራቸው፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱም ምልክት ይጻፍባቸው። ከመውጣታችን በፊት እያንዳንዱ ልጅ ዕቃውን በእጁ ይዞ ይየው።
2. ምልክታችን የሌለበትን ዕቃ ማንም አይንካ። ያየ ልጅ ወደ መጣበት ይመለስና ለታላቅ ይንገር። ይህን ላደረገ ልጅ ሣጥኑን ካገኘው ይልቅ ምስጋና ይገባዋል።
3. የግቢው አስተዳዳሪና ጥበቃው ዕቃው የት እንዳለ ይወቁ። መሪውም በዚያው ጧት ሄዶ ይመልከት፤ ፍለጋው ሲያልቅም ዕቃውን ይሰብስብ።
4. ጊዜው ጸጥታ የሌለው ከሆነ ፍለጋው በአዳራሽ ውስጥ ይሁን። አግዳሚ ወንበርና የመጻሕፍት መደርደሪያም ለፍንጭ ይበቃሉ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቀላል ፍለጋ መምረጥ ልጆችን መናቅ አይደለም። ከቀላሉ ፍለጋ ልጁ ማንበብን፣ መቁጠርን፣ ዛፍን በስሙ መጥራትን፣ ያገኘውን ለሌላው መተውን ይማራል። ከእነዚህ ጋር የማይነካውን ነገር ለይቶ ካወቀ ደግሞ ለዕድሜው ሁሉ የሚበጅ ስንቅ ይዟል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ካሉት ግቢዎች ጥላ፣ ውኃና ጠባቂ ያለው የትኛው ነው?
2. በክረምትም በበጋም የማይለወጡ አምስት ምልክቶችን ጥቀሱ።
3. አንድ ልጅ ምልክት የሌለበት ዕቃ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ለታናናሾቻችሁ አስረዱ።