ሁለተኛ የወጣነው ስንት ግብ አግብተን ነው?

ለማስተማር ልምምድ ወደ ቡሬ ስንወጣ፣ ለሒሳብ ትምህርት ከብሔራዊ እግር ኳስ ቡድናችን መዝገብ የተሻለ ምሳሌ የለንም። ቡድናችን በአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ሁለተኛ፣ በ1951 ሦስተኛ ወጣ። ይህን ብቻ ብንነግረው ተማሪው ያጨበጭባል። ታዲያ ግቡንስ ብናስቆጥረው? ባዶ ነው! ያኔ የተጫወቱት እኮ ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ። በ1949 ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ስለ ቀረች፣ ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደርሶ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በ1951ም ሁለቱንም ጨዋታ ተሸንፏል።

የ1954ቱ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታ። በፍጻሜው ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች፤ የኛዎቹም ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 አለቀ፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ተቀበለ። በሁለት ጨዋታ 8 ግብ!