የበጎች የሰኮና በሽታ፤ ሕክምናውና መከላከያው

በግ የደገኛው ገበሬ የቁጠባ ሣጥን ነው። የግብር ጊዜ ሲደርስ፤ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፤ ማዳበሪያ ሲገዛ፤ ወይም በቤት ውስጥ ሕመም ሲያጋጥም፤ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ዐይኑን የሚጥለው በጉረኖው ላይ ነው። ለነጋዴውም ቢሆን በግ በዘመን መለወጫ፤ በመስቀል፤ በገና፤ በፋሲካና በዐረፋ ሰሞን ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስበት ሸቀጥ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሸቀጥ ከግጦሽ እስከ ገበያ የሚደርሰው በገዛ እግሩ ስለሆነ፤ እግሩ ሲታመም ዋጋው አብሮ ይታመማል። የሚያነክስ በግ ከመንጋው ወደ ኋላ እየቀረ ሳር ሳይጠግብ ይውላል፤ ይከሳል፤ እናቲቱ ለግልገሏ የምትሰጠው ወተት ይቀንሳል፤ ገበያ በወጣ ጊዜም ገዢው ማነከሱን አይቶ ዋጋውን ይሰብራል። ስለዚህ ጥቂት በጎች ያሉት ገበሬም ሆነ በጎችን ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ሰኮና በሽታ ሊያውቅ የሚገባውን በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ እንገልጻለን።

የበሽታው ምክንያት

በክረምት ወራት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ፤ በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ እንዳለው ባለ ደጋ አገር መረሬው መሬት ውኃ እየቋጠረ ይረግባል፤ ጉረኖውም በጭቃና በፋንድያ ይሞላል። በዚያ ጊዜ በሁለቱ ሰኮናዎች መካከል ያለው ቆዳ እየራሰ ይላላል፤ ይላላጣልም። በፋንድያና በአፈር ውስጥ የሚኖረው ፉዞባክቴሪየም ኔክሮፎረም የተባለው ረቂቅ ተሐዋሲ በዚህ ስንጥቅ ገብቶ ቆዳውን ያቀላዋል፤ ያቆስለዋልም። ነገሩ በዚህ ቢቆም ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ዲኬሎባክተር ኖዶሰስ የተባለው ሁለተኛው ተሐዋሲ በመንጋው ውስጥ ካለ፤ ከቆዳው አልፎ ወደ ሰኮናው ሥር ይገባና ቀንዳማውን ክፍል ከሥጋው እያላቀቀ ያበሰብሰዋል። የበሽታው ዋና ምክንያት ይህ ሁለተኛው መሆኑን በአውስትራሊያ አገር ያስረዳው ቤቨሪጅ የተባለው ሊቅ ነው፤ ጥናቱም የታተመው በ1941 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው በተለይ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይህ ተሐዋሲ በታመመ ሰኮና ውስጥ ተደብቆ ለብዙ ወራት፤ አልፎ አልፎም ከዓመት በላይ ይኖራል፤ በግጦሽ መሬት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 ሳምንት የበለጠ አይቆይም። እንግዲህ በሽታውን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሸጋግረው ጭቃው ሳይሆን በጉ ራሱ ነው። ጭቃው በሩን ይከፍታል እንጂ እንግዳው የሚመጣው በበግ እግር ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ምክር ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የመነጨ ነው።

በሽታውን ለይቶ ማወቅ

የሚያነክስ በግ ሁሉ የሰኮና መበስበስ አለበት ማለት አይደለም። ስለዚህ በጉን በመቀመጫው አስቀምጦ፤ ጀርባውን ወደ ራስ አስደግፎ፤ አራቱንም እግሮች በየተራ መመርመር ያስፈልጋል።

1ኛ፤ በሰኮናዎቹ መካከል እሾህ፤ ጠጠር ወይም የደረቀ ጭቃ ተሰክቶ ከተገኘ፤ እሱን ማውጣትና ቁስሉን ማጠብ ብቻ ይበቃል።

2ኛ፤ አንድ ሰኮና ብቻ ቢግልና በነኩት ጊዜ በጉ እጅግ ቢሠቃይ፤ ውስጡ መግል ቋጥሮ ይሆናል፤ መግሉም የሚፈስበትን መንገድ ማግኘት አለበት።

3ኛ፤ በሰኮናዎቹ መካከል ያለው ቆዳ ቀልቶ፤ ረጥቦና ጠጉሩ ተመልጦ ቢገኝ፤ ከላዩም ነጣ ያለ ስስ ነገር ቢሸፍነው፤ የበሽታው መጀመሪያ ነው።

4ኛ፤ ቀንዳማው ክፍል ከውስጥ በኩል ከሥጋው ተላቆ ቢታይና ልዩ የሆነ ክፉ ሽታ ቢኖረው፤ የሰኮና መበስበስ መሆኑን ያመለክታል።

5ኛ፤ ብዙ በጎች በአንድ ጊዜ ማነከስ ቢጀምሩ፤ ትኩሳት ቢኖራቸው፤ በአፋቸውም ውስጥ ቁስል ቢታይ፤ ከብቶችም ለሃጫቸው እየተዝረበረበ ቢያነክሱ፤ አፍተግር የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላልና ከብትም በግም ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ለእንስሳት ሐኪም ወዲያው ማስታወቅ ግዴታ ነው። እንዲህ ያለውን መንጋ ወደ ገበያ መንዳት በሽታውን በወረዳው ሁሉ መዝራት ይሆናል።

ሕክምናው

ብዙ ሰዎች የታመመ ሰኮና ባዩ ጊዜ ቢላዋ አንሥተው የበሰበሰውን ሁሉ እስኪደማ ድረስ ይቆርጣሉ፤ በጋለ ብረት የሚተኩሱም አሉ። ይህ ልማድ በብዙ አገሮች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየ ቢሆንም ጉዳቱ ከጥቅሙ የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። በ2010 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት፤ ሰኮናቸው ሳይቆረጥ በመርፌ በሚሰጥና በቁስሉ ላይ በሚረጭ መድኃኒት የታከሙት በጎች አብዛኞቹ በ10 ቀን ውስጥ ሲድኑ፤ ሰኮናቸው የተቆረጠው ግን ለመዳን ዘግይተዋል። ሰኮናን አድምቶ መቁረጥ ሥጋው እንዲያብጥና እንዲጐነቁል፤ በጉም ዕድሜውን በሙሉ እንዲያነክስ ሊያደርገው ይችላል። ቢላዋውም ሳይጸዳ ከአንዱ በግ ወደ ሌላው ሲሄድ በሽታውን ያስተላልፋል።

እንግዲህ ትክክለኛው ሥርዓት የሚከተለው ነው። በጉ ማነከስ ሲጀምር በዚያው ቀን፤ ቢዘገይ ከ3 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፤ ከመንጋው ለይቶ በደረቅ ቦታ ማኖር ያስፈልጋል። የሰኮና መበስበስ መሆኑ ሲታወቅ፤ የእንስሳት ሐኪሙ በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ሌላ ተስማሚ መድኃኒት በመርፌ ይሰጠዋል። የመድኃኒቱ ልክ እንደ በጉ ክብደት ነው፤ ይኸውም በአንድ ሚሊ ሊትር 200 ሚሊ ግራም ያለው ኦክሲቴትራሳይክሊን ሲሆን 25 ኪሎ ለሚመዝን በግ 2.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ክብደቱን በግምት አሳንሶ መስጠት ገንዘብን ማባከን ነው፤ መድኃኒቱ ሳይፈውስ ተሐዋሲው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋልና። ሰኮናው ከመጠን በላይ አድጎ ከሆነ፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሳያደሙ ትርፉን ብቻ መከርከም ይቻላል፤ ቁራጩም ተለቅሞ ይቃጠላል።

መድኃኒት የተሰጠው በግ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የቀን ቍጥር ሳይፈጸም ሊታረድ ወይም ለዕርድ ሊሸጥ አይገባም። ይህ የበላተኛውን ጤንነት የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ፤ ሻጩ መድኃኒቱ የተሰጠበትን ቀን ጽፎ መያዝ፤ ገዢውም ጠይቆ መረዳት አለበት።

የእግር መታጠቢያ

በሽታው ገና በቆዳው ላይ ሳለ እንዳይዛመት ለመግታት፤ ከ100 እጅ 10 እጅ ዚንክ ሰልፌት ያለው ውኃ ይረዳል። 1 ሜትር ርዝመትና 40 ሳንቲ ሜትር ወርድ ባለው ገበታ ላይ ውኃው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል 20 ሊትር ይበቃል፤ በዚህም ውስጥ 2 ኪሎ ዚንክ ሰልፌት ይሟሟል። በጎቹ መድኃኒቱን እንዳይጠጡት አስቀድሞ ንጹሕ ውኃ ይጠጣሉ፤ የእግራቸውም ጭቃ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል በመታጠቢያው ውስጥ ይቆማሉ፤ ሲወጡም ሰኮናቸው እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ያህል በደረቅና በጠንካራ መሬት ላይ መቆየት አለባቸው። ከመታጠቢያው አውጥቶ ወዲያው ወደ ጭቃ መልቀቅ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። መዳብ ሰልፌት ግን በግ መዳብን የማይችል እንስሳ ስለሆነ ቢጠጣው ሊገድለው ይችላል። ደግሞም በሽታው ወደ ሰኮናው ሥር ከገባ በኋላ ውኃው ወደ ውስጥ ስለማይደርስ፤ መታጠቢያ የመርፌውን መድኃኒት ሊተካ አይችልም።

መከላከያው

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንደሚባለው፤ ለባለ ጥቂት መሬት ገበሬ ከሁሉ የሚረክሰው መድኃኒት ጥንቃቄ ነው።

አንደኛ፤ ከገበያ የተገዛ በግ ሁሉ፤ ጤናማ ቢመስልም፤ 4 ሳምንት ለብቻው ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ ውስጥ እግሩ ደጋግሞ ይመርመር። ብዙ ጊዜ በሽታው ወደ ንጹሕ መንጋ የሚገባው፤ ስለሚያነክስ በርካሽ ተገኘ ተብሎ በተገዛ አንድ በግ ነው። ያ በግ የተቀነሰለትን ዋጋ በጠቅላላው መንጋ ላይ ያስከፍላል።

ሁለተኛ፤ ጉረኖው ከፍ ባለና ውኃ በማይተኛበት ቦታ ይሠራ፤ ፋንድያው ይጠረግ፤ ደረቅ ጭድ ወይም ሳር ይነጠፍበት። በጎች የሚመላለሱበት በርና የውኃ መጠጫው ዳር በጠጠር ቢደለደል እጅግ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ በሽታ የታየበት ግጦሽ 2 ሳምንት ያህል በግና ፍየል ሳይገባበት ይቆይ፤ ፍየልም በዚህ በሽታ ይያዛልና።

አራተኛ፤ ዋናው የማጽጃ ጊዜ በጋ ነው። ዝናሙ አባርቶ መሬቱ በደረቀ ጊዜ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ፤ በሽታው ከበግ ወደ በግ መተላለፉን ያቆማል፤ የቀረው በታመሙት ሰኮና ውስጥ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የመንጋው እግር ሁሉ አንድ ሳይቀር ተመርምሮ የታመመው ቢታከም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ደግሞ ቢመረመር፤ ተደጋግሞ ታክሞ ያልዳነውም ከመንጋው ቢወገድ፤ የበልጉና የክረምቱ ዝናም ሲመጣ በሽታው የሚነሣበት ቦታ ያጣል። አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ በግ ተመልሶ ሊታመም ስለሚችል፤ ከመንጋው ማጥፋት እንጂ እስኪለምዱት መጠበቅ አይጠቅምም።

ለነጋዴዎች

በጎች በሚገዙበት ጊዜ በጠንካራ መሬት ላይ ማስኬድ፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ የሚግጠውን ልብ ማለት፤ አጠራጣሪውንም ሰኮናውን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። የጭነት መኪናው ካንዱ ጭነት በኋላ ሌላው ሳይጫን ተጠርጎ ይታጠብ። ከልዩ ልዩ ገበያ የተሰበሰቡ በጎች በአንድ ጉረኖ ሲታጐሩ የአንዱ በሽታ የሁሉ ይሆናል፤ ከበዓሉ ሳይሸጡ የተረፉትም ወደየቤቱ ሲመለሱ በሽታውን ይዘው ይመለሳሉ።

በመጨረሻም፤ በወል ግጦሽ በሚጠቀም ቀበሌ አንድ ገበሬ ብቻውን ቢደክም ትርፉ ጥቂት ነው። ጎረቤታሞች የበጎቻቸውን እግር በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያስመረምሩ፤ ሐኪሙንም በኅብረት ቢጠሩ፤ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀላል፤ ውጤቱም የጸና ይሆናል። በደረቁ ወራት ለዚህ ሥራ የሚውሉት ጥቂት ቀኖች፤ በዘመን መለወጫ ገበያ ላይ በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ የቆመ በግ ሆነው ለባለቤቱ ይከፈሉታል።