የአደራው ውሻ

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ደሴ ሲሄዱ ውሻቸውን በአደራ ተዉልኝ። ሌሊቱን ሲያላዝን ያድራል፤ ዛሬ ጠዋት ዶሮ ገድሎ ልጄንም ነከሰው። ሳላስቀይማቸው እንዴት ልንገራቸው?
ከመካነ ሰላም

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ የልጅዎን ቁስል በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ሕይወት ያተርፋል።

ማላዘኑ ባለቤቱን ከማጣትና ከቦታ ለውጥ የመጣ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ውሻውን አይግደሉት፤ አስረው እየመገቡ ለ10 ቀናት ይከታተሉት። የልጁ ሕክምና ግን ይህን አይጠብቅ።

ለጎረቤትዎ ዛሬውኑ ይደውሉ። «ውሻዎ ክፉ ነው» ከማለት የሆነውን በቅደም ተከተል ይንገሯቸው፤ «ከዚህ በፊት ነክሶ ያውቃል? ተከትቧል?» ብለውም ይጠይቁ። የዶሮው ነገር ሲመለሱ በቡና ላይ ይደርሳል። ውሻው ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ ወይም ከሞተ ሳይነኩት ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ።